ሰጥቶ ቁልፉን ያስረከበው መስፍን

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው መነኩሴም ሰማዕትም አይደለም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በዛሬዋ ፈረንሳይ የአኪቴን መስፍን የነበረ ጊዮም የሚባል ባለጠጋ ነው።

ጊዮም ገዳም ሊተክል አስቦ በርኖ የተባለውን አበምኔት «ቦታ ምረጥ» አለው። በርኖም ክሉኒን መረጠ። መስፍኑ ደነገጠ፤ ክሉኒ የአደን ውሾቹ የሚውሉባት ስፍራ ነበረችና። አበምኔቱ ግን «ውሾቹን አውጣና መነኮሳቱን አስገባ፤ በእግዚአብሔር ፊት የሚጠቅምህ የውሻ ጩኸት ነው ወይስ የመነኮሳት ጸሎት?» አለው ይባላል።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን በመስከረም 910 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የጻፈው የስጦታ ደብዳቤ ነው። እርሻውን፣ ወይኑን፣ ደኑን፣ ውኃውን፣ ወፍጮውን ይቆጥራል። ከመሬቱ ጋር የታሰሩ ወንዶችና ሴቶችም አብረው ተቆጥረዋል፤ ሰው ከወፍጮ ጋር ሲሰጥ ማንበብ ልብ ያደማል፣ ስለ ደግነቱ ብዬ አላልፈውም።

ደብዳቤው ውስጥ አንድ ኑዛዜ የሚመስል ቃል አለ። እኔ ራሴ ሁሉን መናቅ ባይቻለኝም ዓለምን የናቁትን በመቀበሌ የጻድቃንን ዋጋ እንዳገኝ ይላል። ጌታ በማቴዎስ 10፥41 «ጻድቅን በጻድቅ ስም የሚቀበል የጻድቁን ዋጋ ይወስዳል» ያለውን ይዞ ነው። መመንኮስ እንደማይችል ያውቃል፤ የማይችለውን እችላለሁ አላለም። ስንቶቻችን ነን በጉባኤ ፊት እንዲህ የምንናገረው?

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ከባዱ። በዚያ ዘመን ገዳም የተከለ ጌታ አበምኔቱን ራሱ ይሾም፣ ከገቢውም ይካፈል ነበር። ጊዮም ግን ከዛሬ ጀምሮ መነኮሳቱ ለእኔም፣ ለዘመዶቼም፣ ለንጉሥም ቀንበር አይገዙ አለ። በርኖ ሲያርፍ የምዕራብ መነኮሳት በሚተዳደሩበት በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መሠረት አበምኔታቸውን ራሳቸው ይምረጡ፤ ድሀውንና እንግዳውን በየዕለቱ ያስተናግዱ። በየአምስት ዓመቱ 10 ሶሊዲ (የዚያ ዘመን ገንዘብ) ለሮም ይክፈሉ፣ ለሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን መብራት። ለሰጪው ምንም።

የሚደፍረውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ስም አወገዘው፤ ምድር ከነነፍሳቸው የዋጠቻቸውን ዳታንንና አቤሮንን፣ ይሁዳንም ጠርቶ። የእኛም ነገሥታት በወንጌል ኅዳግ ላይ ጉልት ሲያጽፉ «በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ» እያሉ ያወግዙ ነበርና ቃሉ ለጆሯችን አዲስ አይደለም።

ይህን ሳስብ አንድ ጊዜ የታዘብኩት ትዝ ይለኛል። አንድ ምእመን ለጉባኤው የድምፅ ማጉያ ገዝቶ ሰጠ፤ እግዚአብሔር ይስጠው አልን። ከዚያ ወዲያ ግን ማን እንደሚዘምርበት፣ መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው እሱ ሆነ። ስጦታው ከእጁ አልወጣም ነበር። እኔም ብሆን መቀመጫ ገዝቼ ስሜ የተጻፈበት ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ዓይኔ ያየዋል። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ግራ እጅ መልሶ ይይዛልና።

ጊዮም በ918 አረፈ። ወንድ ልጅ ሳይተው ስለሞተ መስፍንነቱን የእህቱ ልጅ ወረሰ። ክሉኒ በውርሱ ውስጥ አልነበረችም።