ፖድካስት ምንድን ነው? ሶፋና ማይክ ከሆነማ ቴሌቪዥንም ፖድካስት ነው

ክረምት ገብቶ ከኮዬ ፈጬም ሆነ ከየካ አባዶ መውጣት ሲያታክት፣ መብራቱም ሄድ መጣ ሲል፣ «ቤት ለዋለ ሰው ጥሩ ፖድካስት ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ ይበዛል። የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያወሩበት የዩቲዩብ ሊንክ። ወሬው ደስ ሊል ይችላል። ቪዲዮው ብቻ ከሆነ ግን ፖድካስት አይደለም።

«ስም ምን ያደርጋል? ማይክ ይዘው ካወሩ ፖድካስት ነው» የሚሉ አሉ። የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ማለት ይቻል ነበር። ልዩነቱ የሚታወቀው መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርኩም አብሮ ደክሞ፣ ያ ሊንክ መሽከርከር ሲጀምር ነው። እንግዳ ጋብዞ ማውራትም አዲስ ግኝት አይደለም፤ መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 እንግዶቿን ስታጫውት ዝግጅቱ ራዲዮ ነበር፣ ራዲዮም ተባለ። ፖድካስት የወሬው ዓይነት ሳይሆን ድምፁ ወደ አድማጩ የሚደርስበት መንገድ ነው።

የኮንትራት ወተትን አስቡ። ሱቅ ሄዶ «ወተት አለ?» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከባለላሟ ጋር ተነጋግሮ በየማለዳው አንድ ሊትር በር ድረስ ማስመጣት ሌላ። ወተቱ ያው ነው፤ ኮንትራት ያሰኘው ስምምነቱና ማድረሱ ነው። በፖድካስት ይህን ስምምነት የሚይዘው አርኤስኤስ ፊድ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የእያንዳንዱን ክፍል ርዕስ፣ የወጣበትን ቀንና የድምፅ ፋይሉ ያለበትን አድራሻ ይዘረዝራል። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ፊዱን በየጊዜው ያያል፤ አዲስ ክፍል ሲያገኝ እናንተ ተኝታችሁ እሱ አውርዶ ያስቀምጣል። ሳምንት ከቤት ብትጠፉ የወተቱ ዕቃ በር ላይ እንደሚደረደር ሁሉ ያልተሰሙ ክፍሎችም ይከመሩና የስልኩን ቦታ ይጨርሳሉ። ባለላሟ ስንት ሊትር እንዳደረሰች እንጂ ጠጡት ወይስ ለድመት ሰጡት የሚለውን አታውቅም፤ ከፊድ የሚገኘው ቁጥርም የወረደውን እንጂ የተደመጠውን አይነግርም። (አዘጋጆች «ይህን ያህል ሺህ አድማጭ አለን» ስትሉ ይህን አትርሱ።) ምሳሌው የሚያበቃው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ወተት ይበላሻል፣ የወረደ ፋይል አይበላሽም።

መነሻውም ይኸው ነው። የድምፅ ፋይልን ከፊድ ጋር የማያያዝ ዘዴ በሶፍትዌር ባለሙያው በዴቭ ዋይነር እጅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ነው። «ፖድካስት» የሚለው ቃል በብሪታንያው ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ አይፖድ ከሚባለው የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻና ከብሮድካስት (ስርጭት) የተዳቀለ ነው። አይፖድ ያኔ የራሱ ኢንተርኔት አልነበረውም፤ ፋይሉ በኮምፒውተር ወርዶ በኬብል ይጫንበት ነበር። ማለትም ነገሩ ከመጀመሪያው የታሰበው ኔትወርክ ለሌለው ሰዓት ነው።

አንዱ ዝግጅት በፊድም በዩቲዩብም ሊወጣ ይችላል፤ ችግር የለውም። መለያው ቀላል ነው። የዝግጅቱን ስም አንቴናፖድን በመሰለ የፖድካስት አፕ ውስጥ ፈልጉት። ከተገኘና ክፍሎቹ የሚወርዱ ከሆነ ፊድ አለው። ዩቲዩብ አንድን የቪዲዮ ዝርዝር «ፖድካስት» ብሎ ለመሰየም መፍቀዱ ፊድ አያደርገውም።

ሂሳቡም ይለያያል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንግግር 28.8 ሜጋባይት ነው፤ በ128 ኪሎቢት ደግሞ 57.6። ያው ሰዓት በ480 ጥራት ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ከ250 ሜጋባይት ይበልጣል። ሶፋውን ለማየት ነው ልዩነቱን የምትከፍሉት።

አንቴናፖድ ነፃ የአንድሮይድ አፕ ነው። ጭናችሁ ዝግጅቱን ሰብስክራይብ ካደረጋችሁ በኋላ በቅንብሮቹ ውስጥ በራሱ እንዲያወርድ አብሩት፣ የሚቀመጡትን ክፍሎች ብዛትም ወስኑ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ አፑ ካልነገራችሁት የሚያወርደው በዋይፋይ ብቻ ነው። ዋይፋይ የሌለው፣ የሌሊት ፓኬጅ የሚገዛ ሰው በሞባይል ዳታም እንዲያወርድ መፍቀድ አለበት፤ አለበለዚያ ጠዋት ባዶ ዝርዝር ያገኛል። ሁለተኛው መሰናክል ስልኩ ራሱ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፑን ከጀርባ የሚያጠፋ ስልክ ብዙ ስለሆነ፣ በባትሪ ቅንብሩ ውስጥ ገደቡን አንሱለት። ስልክ ስትቀይሩ ደግሞ የዝግጅቶቹን ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባለው ፋይል አውጡት፤ ማንኛውም ደህና አፕ ይቀበለዋል።

ምን ይሰማ? ለረጅም ቀን የቢቢሲው «ኢን አወር ታይም» ይመቻል። ምሁራን ስለ አንድ ጉዳይ 45 ደቂቃ ያህል ይወያዩበታል፤ ከ1000 በላይ ክፍሎች አሉት፣ አብዛኞቹም ስለማያረጁ ከየትም መጀመር ይቻላል። «ዊትነስ ሂስትሪ» አንድን ታሪካዊ ክስተት በዓይኑ ካየ ሰው አፍ 10 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያሰማል፤ ቡና እስኪፈላ አንዱ ያልቃል። እንግሊዝኛ ለሚለማመድ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» አለ፤ ከተማሪ ልጅ ጋር ለመስማት የተሻለ አይገኝም። በአማርኛ ከአውስትራሊያ የሚተላለፈው ኤስቢኤስ አማርኛ አጫጭር ቃለ ምልልሶቹን በፊድ ያወጣል።

የሚያወጡ ሰዎችም ይስሙ። አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትን ቅጂ በ128 ኪሎቢት ስቴሪዮ (በሁለት ቻናል) ማውጣት የአድማጭን ካርድ ማቃጠል ነው፤ 64 ሞኖ (በአንድ ቻናል) ይበቃል። ከሁሉ በላይ የድምፅ ከፍታውን አስተካክሉ። ሉፍስ በሚባለው የድምፅ ከፍታ መለኪያ የተለመደው ለስቴሪዮ ከዜሮ በታች 16 (-16)፣ ለሞኖ ከዜሮ በታች 19 (-19) አካባቢ ነው፤ ግን መላውን ፋይል እዚያ ከማድረሳችሁ በፊት የአዘጋጁንና የእንግዳውን ድምፅ ለየብቻ አመጣጥኑ። አዘጋጁ እየጮኸ እንግዳው ከሩቅ የሚሰማበት ቅጂ ስቱዲዮ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ደህና ይመስላል፤ ሱሉልታ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ ግን የሚሰማው ጥያቄው ብቻ ነው።