የዘር ነጭ ሽንኩርት ምንድን ነው?

በመልኩ ከሚበላው ነጭ ሽንኩርት አይለይም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ባለሙያም ቢሆን በዓይን ብቻ አይቶ አይፈርድም። የዘር ነጭ ሽንኩርት የሚባለው ለመትከል ታስቦ የለማ፣ ገና ማሳ ላይ ሳለ ጤንነቱ የታየ፣ ከተነቀለ በኋላ በጥላ ደርቆ በቂ ጊዜ ያረፈ፣ ከየትኛው መሬት እንደመጣም የሚታወቅ ራስ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሰው ዘሎት የሚያልፈው የመጨረሻውን ነው፤ የመጣበትን መሬት። እኔና እናቴም ዘለነው ነበር።

ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኩታበር በሚወስደው በኩል፣ ግማሽ ጥማድ የምትሆን የጓሮ መሬት አለችን። ደጋ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አፈሯ ውሃ አያቁርም፤ ነጭ ሽንኩርት ይወዳት ነበር። አንድ ዓመት የራሳችን ዘር አነሰንና ገበያ ወጥተን ከአንድ ነጋዴ አንድ ኩንታል ገዛን። ራሱ ትልልቅ፣ ልጣጩ ነጭ፣ ሲያዩት ዓይን የሚሞላ ነበር። ስለ ዋጋው ረጅም ጊዜ ተከራከርን፤ ከየት እንደመጣ ግን አንድም ቃል አልጠየቅንም።

ሁለት ወር ያህል ሲያምር ቆይቶ መካከሉ ላይ ምጣድ የምታህል ቦታ ቢጫ መሆን ጀመረች። እናቴ ውሃ ጠምቶት ነው ብላ አጠጣችው። በሳምንቱ ቢጫው አውድማ አከለ። ጎረቤታችን አባባ ገቡና አንዱን በሁለት ጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ሥሩ በስብሶ አልቋል። ከራሱ ግርጌ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ተጠምጥሞበታል፤ ሻጋታው ላይ ደግሞ ከጤፍ ያነሱ ጥቋቁር ፍሬዎች ተነስንሰዋል።

«ይሄ ከዘሩ ጋር የመጣ ነው፣ ልጄ» አሏት እናቴን። «መሬቱን አትውቀሺው። ከእንግዲህ ግን እዚህ ላይ ነጭ ሽንኩርት አታስቢ።»

ትክክል ነበሩ። እነዚያ ጥቋቁር ፍሬዎች ሥርና ራስ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ክፉ ቀን የሚያሳልፍባቸው ናቸው። አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ተኝተው ሊቆዩ ይችላሉ። የሚነቁት የሽንኩርት ወገን የሆነ ተክል አጠገባቸው ሥር ሰዶ ጠረኑ ሲደርሳቸው ነው። ስንዴ ቢዘራባቸው አይነቁም፣ ባቄላ ቢዘራባቸውም አይሞቱም፤ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ቀዝቀዝ ያለ አፈር ስለሚስማማቸው ነጭ ሽንኩርት የሚወደውን ደጋ እነሱም ይወዱታል። ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄዱት በዘር፣ በዶማ ላይ በቀረ አፈር፣ በጫማና በከብት እግር፣ በጎርፍ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ሩቅ የሚያደርሳቸው ግን ዘሩ ነው፤ በመኪና ተጭኖ ከወረዳ ወረዳ የሚሄደው እሱ ስለሆነ።

ይህን ያህል ስለ ዘሩ የምጨነቀው ነጭ ሽንኩርት እንደ ጤፍና እንደ ምስር በፍሬ ስለማይዘራ ነው። በፍሬ የሚዘራ እህል ከእናቱ በሽታ ብዙውን እዚያው ማሳው ላይ ትቶ ይመጣል። ነጭ ሽንኩርት ግን የሚተከለው ፍልቃቂው ነው፤ ፍልቃቂ ደግሞ የእናቱ ቁራጭ ነው፣ ልክ እንደ ድንች። እናቲቱ ያላት መልካም ነገር ሁሉ በውስጡ አለ፤ የያዛት በሽታም እንዲሁ። በተለይ የቫይረስ በሽታዎች ከዓመት ዓመት በፍልቃቂ እየተሻገሩ ይከማቻሉ። ምርቱ ቀስ በቀስ እያነሰ፣ ራሱ እየኮሰሰ ሲሄድ አርሶ አደሩ «ዘሩ አረጀ» ይላል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ዘሩን ያስረጀው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የተጠራቀመው ቫይረስ ነው። ለዚህ መፍትሔው በቤተ ሙከራ ከተክሉ እምቡጥ ጫፍ ላይ ጥቂት ሕዋስ ወስዶ ንጹሕ ተክል ማሳደግ፣ ቲሹ ካልቸር የሚባለው ነው። ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም። እኛ የምንችለው ማሳው ላይ ሳለ ጠንካራና አረንጓዴ ሆኖ የቆየውን ተክል በእንጨት ምልክት አድርጎ ለዘር ማስቀረት ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ወሎ ገበያ ላይ ስሙ ባብዛኛው ሁለት ነው፤ የአበሻና የፈረንጅ። የአበሻ የሚባለው ራሱ አነስ ያለ፣ ልጣጩ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ፍልቃቂው ብዙና ጥቃቅን፣ ሲወቀጥ ጠረኑ ጎረቤት የሚጠራ ነው። ለወጥና ለአዋዜ ከእሱ የሚስተካከል አላገኘሁም። ከአገራችን ምርምር የወጡ፣ ስም ያላቸው ዝርያዎችም አሉ፤ ጸደይ፣ ቢሾፍቱ ነጭ፣ ኩሪፍቱና ጨፌ የሚባሉት ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። ወሎ ውስጥ ሆኖ ለእኔ መሬት የትኛው ይስማማል ብሎ ለሚጠይቅ ቅርቡ በር የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ከዚያም ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ነጋዴ «ይሄ ጸደይ ነው» ስላለ ብቻ ጸደይ አይሆንም። ራስ ነጭ ሽንኩርት ስሙ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ በኢንተርኔት ከዝርዝር እየመረጡ ያዝዛሉ። እዚያ ዝርያው በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላል። አንደኛው መካከሉ ላይ ጠንካራ የአበባ ዘንግ የሚያወጣ ነው፤ ፍልቃቂዎቹ በዘንጉ ዙሪያ ይደረደራሉ፣ ትልልቆችና ለመላጥ የሚቀሉ ናቸው። ሮካምቦል፣ ፖርስሌይንና ፐርፕል ስትራይፕ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ዘንግ የማያወጣ፣ አንገቱ ለስላሳ ሆኖ ለመጎንጎን የሚመች ነው፤ አርቲቾክና ሲልቨርስኪን እዚህ ይገባሉ። ፖርስሌይን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ትልልቅ ፍልቃቂ ብቻ ይይዛል። ሲልቨርስኪን በመቆየት ከሁሉም ይበልጣል፤ ሮካምቦል ደግሞ ጣዕሙ የሚወደስ ቢሆንም ቶሎ ይበላሻል። የዝሆን ነጭ ሽንኩርት ተብሎ የሚሸጠው ጡጫ የሚያህለው ራስ የባሮ ሽንኩርት የቅርብ ዘመድ ነው፤ እውነተኛ ነጭ ሽንኩርት አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ያጓጓል። አንዲት አክስቴ ከውጭ ስትመጣ እንድታመጣልን ጠይቄያት ነበር፤ አሁን ባልጠየቅኳት እላለሁ። አንደኛ ነገር የሚተከል ነገር ያለ ኳራንቲን ፈቃድና ያለ ጤንነት ምስክር ወረቀት ወደ አገር ማስገባት ክልክል ነው፤ የእኛን ጓሮ ታሪክ ያነበበ ሰው ለምን እንደተከለከለ አይጠፋውም። ሁለተኛው የቀኑ ርዝመት ነው። ነጭ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ብርድ አግኝቶ፣ ቀጥሎ ቀኑ ሲረዝምለት ነው። የሰሜን አገር ዝርያ ክረምቱን በበረዶ ሥር አሳልፎ፣ በበጋው 15 እና 16 ሰዓት ብርሃን ማግኘት ለምዷል። ወሎ ያለችው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ዝርያ እኛ ዘንድ ሲተከል ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ብቻ ይንዠረገጋል፣ ወይም ፍልቃቂ የሌለው አንድ ድቡልቡል ነገር ይሆናል። የእኛው የአበሻ ግን ይህን አጭር ቀን ለምዶት ኖሯል።

ወሎ ውስጥም ቢሆን ደጋና ቆላው አንድ አይደለም። ደሴ በ2,500 ሜትር አካባቢ ተቀምጣለች፤ ቆቦ ከ1,500 ሜትር በታች ናት። የቆቦ ሜዳ ለቀይ ሽንኩርት ያምርለታል እንጂ ነጭ ሽንኩርት ብርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ዘር ስትገዙ ከእናንተ ጋር ከሚቀራረብ ከፍታ የመጣውን ብታስቀድሙ ይሻላል።

ስንት እናዝዝ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና በሒሳቡ ላይ ትንሽ እንቆይ። በመስመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ከተተወ፣ አንድ ካሬ ሜትር 33 ያህል ፍልቃቂ ይይዛል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ካልን፣ 83,000 ገደማ ፍልቃቂ ያስፈልጋል። ለመትከል የሚበቃ ፍልቃቂ ከ2 እስከ 3 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ለጥማድ ከ166 እስከ 249 ኪሎ ይሆናል። ልብ በሉ፣ ይህ የተመረጠ ፍልቃቂ ነው፤ ራሱ እንዳለ የተመዘነ አይደለም። ከራሱ ላይ ልጣጩና ጥቃቅኑ ይወድቃል። ትንሽ ፍልቃቂ ትንሽ ራስ ስለሚሰጥ ጥቃቅኑን ማሳ ላይ ማባከን አያስፈልግም፤ ወጥ ቤት ይግባ።

ኩንታሉን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ኪሎ ብቻ ግዙ። እቤት ወስዳችሁ ፈልቅቁት፣ ለመትከል የሚበቃውን ለይታችሁ መዝኑ። ከኪሎው 600 ግራም ከወጣ፣ 200 ኪሎ ፍልቃቂ ለማግኘት 333 ኪሎ ራስ መግዛት አለባችሁ ማለት ነው። 800 ግራም ከወጣ 250 ኪሎ ይበቃል። በኪሎ ርካሽ የመሰለው ጥቃቅኑ ራስ ማሳ ሲደርስ ውድ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ያቺ አንድ ኪሎ ውስጡንም ታሳያችኋለች። ፍልቃቂው በጣት ሲጫን ጠንከር ይላል? ግርጌው ላይ ሻጋታ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ አለ? ልጣጩ ሥር ቀልሎ የደረቀ፣ ባዶ የሆነ ይበዛል? አንድ ፍልቃቂ ለሁለት ስትሰነጥቁት መካከሉ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ወደ ጫፉ ተጠግቶ ካያችሁት ሊበቅል ተዘጋጅቷል፤ ገና ትንሽ ነጥብ ከሆነች እንቅልፍ ላይ ነው።

ስለ እንቅልፉ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። አዲስ የተነቀለ ነጭ ሽንኩርት ወዲያው ቢተከል አይበቅልም፤ ቢበቅልም አንዱ ቀድሞ ሌላው ቀርቶ ማሳው ወጣ ገባ ይሆናል። ሁለት ሦስት ወር ማረፍ ይፈልጋል። በዝናብ ሰኔ ላይ የሚተከለው ጥቅምትና ኅዳር ይነቀላል፤ በመስኖ የሚተከለው ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን መሬት ይገባል። ከጎረቤት ማሳ ትኩስ የተነቀለውን ገዝቶ በሳምንቱ በመስኖ መትከል ያጓጓል፤ ዘሩ ግን ተኝቷል። ለሰኔ ተካይ የተሻለው የካቲትና መጋቢት የተነሳው የመስኖ ምርት ነው፤ ሰኔ እስኪገባ በልክ ያርፋል። ስለዚህ ሻጩን መቼ ተነቀለ ብላችሁ ጠይቁት። ትዕዛዙም ገና ማሳ ላይ ሳለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የሚመስል ዋግ ብታዩ አትደንግጡ፤ ዋግ በዋናነት በነፋስ የሚመጣ ነው፤ ምርት ይቀንሳል እንጂ እንደ አበስባሹ መሬታችሁን አይወርስም። ማሳው ውስጥ ተለይቶ ክብ ሠርቶ የደረቀ ቦታ ካያችሁ ግን፣ ሌላው ምንም ቢያምር፣ ከዚያ ማሳ አትግዙ። ከዳሩ ያለውንም አትግዙ።

ሻጩ ላይ እንዲህ ማፍጠጥ ነውር የሚመስለው ሰው አለ። ባለፈው ዓመት ደሴ ገበያ ላይ አንዲት እናት ጉንጉን አንጥልጥለው አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ይሄ ከየት ማሳ ነው?»

«ከራሴ ነው፣ ሆዴ።»

«አምናስ እዚያው ላይ ምን ነበረበት?»

ትንሽ አዩኝና «ገብስ፤ ካቻምና ባቄላ። ሽንኩርት ካየ አራት ዓመት ሆኖታል። ካላመንሽ ነይና እዪው» አሉ። ሄጄ አየሁት። ዘሬን የምወስደው አሁን ከእሳቸው ነው፤ ከገበያው ዋጋ ከፍ አድርጌ እከፍላለሁ፣ እሳቸውም ሲነቅሉ የእኔን ለይተው ያስቀምጡልኛል።

ዘሩ እቤት ሲደርስ በማዳበሪያ ከረጢት ታፍኖ አይቀመጥ። አየር በሚያገኘው ጥላ ቦታ መዘርጋት ወይም በጉንጉን መስቀል ነው፤ ቀን የሚግል ቆርቆሮ ሥር ባይሆን ይመረጣል። ፍልቃቂው ከራሱ የሚለየው በተከላው ዋዜማ ወይም በማለዳው ነው፤ ቀድሞ ከተፈለቀቀ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ሻጋታም ይገባበታል። ልጣጩ አይላጥም። ሹል ጫፉ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ግርጌ ወደ ታች ሆኖ፣ ሁለት ጣት ያህል አፈር ይለብሳል።

እኛ አሁን የምንተክለው ወንድሜ ማሳ ላይ ነው፤ የድሮው ጓሮ በባቄላና በገብስ እየተፈራረቀ ነው። እናቴ ከዚያ ጓሮ የወጣ ዶማ ሳታጥብ ወደ ወንድሜ መሬት አታሻግርም፤ ጭቃውን በእንጨት ፍቃ፣ በውሃ አለቅልቃ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች።