ለደስታ የሚነዳ መኪና፦ ያገለገለ ይገዛ ወይስ አዲስ በሊዝ ይያዝ?

ጎንደር ውስጥ ለሥራ ሳይሆን መንዳቱን ወዶ መኪና የሚፈልግ ሰው ምክር አያጣም። ደላላው «ይቺን ቪታራ እንዳታመልጥህ» ይለዋል፤ አሜሪካ ያለው ዘመዱ ደግሞ «አሮጌ ምን ያደርግልሃል? አዲስ በሊዝ፣ ማለት በረጅም ጊዜ ኪራይ፣ ያዝ» ይለዋል። ለከተማችን ዳገትና ኮብልስቶን በደንብ ተመርምሮ የተገዛ ያገለገለ መኪና ይበልጣል ባዮች ነን። ምርጫውን የሚያበላሹት የሚከተሉት አመለካከቶች ናቸው።

«ሊዝ ማለት በየወሩ እየከፈሉ መኪናውን የራስ ማድረግ ነው»

አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በሊዝ የሚከፈለው መኪናው በውሉ ዘመን ለሚያጣው ዋጋና ለወለዱ ነው። የ40,000 ዶላር መኪና ከ36 ወር በኋላ 24,000 ያወጣል ተብሎ ውል ቢታሰር፣ ልዩነቱ 16,000 ለ36 ሲካፈል በወር 444 ዶላር ይመጣል። በ6 በመቶ ወለድ ወደ 160 ዶላር ይጨመርበታል። ሦስት ዓመት በወር ከ600 ዶላር በላይ ተከፍሎ መጨረሻ ላይ ቁልፉ ይመለሳል። በዚያ ላይ የኪሎ ሜትር ጣሪያ አለ፤ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ16,000 እስከ 24,000 ነው። ካለፈ ትርፉ ይከፈልበታል፣ ቸርኬው ከተጫረም እንዲሁ። መኪናውን መነካካት፣ ጎማ መቀየር፣ እንደ ልብ መንዳት ለሚወድ ሰው ይህ ውል አይመቸውም።

እኛ አገር ያለው የካፒታል ዕቃ ኪራይ የታሰበው ለማምረቻ መሣሪያ፣ ለትራክተርና ለመሳሰሉት እንጂ ለቤት መኪና አይደለም። እዚህ «ሊዝ» እየተባለ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ የባንክ ብድር ነው፤ መኪናው መያዣ ይሆናል፣ ዕዳው እስኪያልቅም ያለ ባንኩ ፈቃድ አይሸጥም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «የመጨረሻው ክፍያ ሲያልቅ ሊብሬው የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

«አዲስ ከሆነ ራስ ምታት የለውም»

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ዛሬ አዲስ ማለት በአመዛኙ ኤሌክትሪክ ነው። እውነቱን ለመናገር ዳገት ላይ ይጣፍጣል። ግን ዋስትናውን የሚያከብረው ጋራዥ የት እንዳለ ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የፈጣን ቻርጅ መሰኪያው ከአውሮፓው ይለያል፤ አብሮት የሚሄድ ቻርጀር ይፈልጋል። ወደ ደባርቅ ሲወጡ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ስለሚጨምር፣ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ለዳገቱ ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ ባትሪውን 100 በመቶ አይሙሉት፤ ከሞላ ሞተሩ ኃይል እየመለሰ መኪናውን መያዝ አይችልም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

«ያገለገለ መኪና የሰው ችግር መግዛት ነው»

ሳይመረመር ከተገዛ ነው። ጠዋት ይሂዱ፣ ሻጩም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያስነሳ ይንገሩት። ኮፈኑን በእጅ ይንኩ፤ ከሞቀ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልቆመና የራዲያተር ውኃው ከቀነሰ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ክዳን ከታችኛው አካል ጋር የሚያሽገው ስስ ንጣፍ) ሳይቃጠል አልቀረም።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለት ሲሊንደሮቹ አየር ሲጨምቁ የሚፈጥሩትን ግፊት፣ ያስለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይለካል። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ፤ ከ15 በመቶ ከበለጠ ዋጋው ላይ መነጋገር አለባችሁ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር በፊደል ደረጃ መግጠም አለበት። ሞተሩ ተቀይሮ ካልተመዘገበ ስም ሲዛወርና ቦሎ ሲታደስ መከራ ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሩ ላይ ያስጠጉ፤ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ የተሞላ ነው።

ገንዘብዎን በሙሉ ለሻጩ አይስጡ። ከዋጋው አንድ አምስተኛውን ለመጀመሪያው ጥገና ያስቀሩ።

«የፈረስ ጉልበቱ ከበዛ ደስታውም ይበዛል»

ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ሞተር እዚህ 80 ገደማ ነው የሚሰጠው። ቀላል መኪና፣ አጭር (ከፍጥነት ይልቅ ጉልበት የሚሰጥ) ማርሽና ወፍራም ጎማ ከትልቅ ሞተር ይሻላሉ። ሰፊ ቸርኬ ላይ የተወጠረ ስስ ጎማ የኮብልስቶን ጉድጓድ አይችልም። ውኃም እዚህ በ93 ዲግሪ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ዳገት ላይ ማፍላቱ አይቀርም። ክዳኑ ርካሽ ነው፣ ገና እንደገዙ ይቀይሩት።

«ትንሽ የተነዳ መኪና አስተማማኝ ነው»

የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። በእውነት ትንሽ የተነዳም ቢሆን ለዓመታት ቆሞ ከነበረ ጎማውና የፍሬን ዘይቱ አርጅተዋል። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነው በየዓመቱ ያስመርምሩት፣ አሥር ከሞላው ይጣሉት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ከጠጣ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሊማሊሞን ሲወርዱ ፔዳሉ ድንገት እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው በዚህ ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩ፤ ሲወርዱም መኪናውን በሁለተኛ ማርሽ ይያዙት።