ጽንስ ማቋረጥ፦ በወሎ የሚወራውና ሕጉ የሚለው

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ሲቀመጥ የማይነሳ ወሬ የለም። የዘይት ዋጋ ይነሳል፣ የጎረቤት ሠርግ ይነሳል፣ ሳዑዲ የሄደችው ልጅ ትነሳለች። የውርጃ ነገር ሲመጣ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ በረካው ሳይደርስ ወሬው ይቀየራል። በዚያች አጭር ጊዜ አንዷ «አሁንማ ተፈቅዷል» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ ያሳስራል!» ትላለች። ሦስተኛዋ «ሃይማኖት እያለ ሕግ ምን አገባው» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

ሦስቱም ተሳስተዋል፤ ሦስቱም ደግሞ ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። የምጽፈው የማንንም እምነት ለመነቅነቅ አይደለም። ውርጃ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ለነፍስ አባትና ለሸኽ ትቼዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሕጉ የሰጣትን የማታውቅ፣ ሃይማኖቷ ያላለውን እንዳለ ቆጥራ እንዶድ በጥብጣ የምትጠጣ ልጅ ናት።

«አሁን ውርጃ በሕግ ተፈቅዷል»

አልተፈቀደም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን አሁንም ወንጀል ይለዋል። ከሕግ ውጭ ያስወረደችውም ያስወረደላትም ይቀጣሉ። ሕጉ ያደረገው በአንቀጽ 551 የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች መዘርዘር ነው። ጽንሱ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የተገኘ ከሆነ፤ እርግዝናው የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት፣ አለዚያም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ ከጣለ፤ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፤ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት፣ አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ።

በዝርዝሩ ውስጥ «አልፈልግም» የሚል የለም። «ደሃ ነኝ» የሚልም የለም። ድህነት የሚነሳው በአንቀጽ 550 ነው፤ እዚያም ቅጣት ያቀልላል እንጂ ነጻ አያወጣም። «ሙሉ መብት ነው» የሚሉትም «ጨርሶ ክልክል ነው» የሚሉትም ሕጉን ገልጠው ያዩት አይመስለኝም።

«የተደፈረችም ብትሆን መጀመሪያ ከፖሊስ ወረቀት ታምጣ»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

ደቡብ ወሎ ልጆቹን ለቤት ሠራተኝነት አረብ አገር በመላክ ከሚታወቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ከተመላሾቹ መካከል አንዷን አስቧት። ጥቁር ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ተሰልፋለች። አክስቷ አጠገቧ ናት።

«ልጄ፣ ወረቀት ሳንይዝ ማን ያምነናል?»

«አክስቴ፣ ከየት ላምጣ? ሰውየው ያለው እዚያው ነው።»

ተራቸው ሳይደርስ ተያይዘው ይወጣሉ። የከለከላቸው ሰው የለም። የጠየቃቸውም የለም። የመለሳቸው ወሬ ነው።

አንቀጽ 552 የሚለው ግልጽ ነው። ጽንሱ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴትየዋ ቃል ብቻ ይበቃል። ክስ መመሥረት የለባትም፤ የደፋሪውን ስም መጥራት የለባትም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ መጠበቅ የለባትም። ድርጊቱ የተፈጸመው ባቲ ይሁን ሪያድ፣ ጤና ጣቢያው ማስረጃ አይጠይቃትም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ደግሞ ዕድሜን በተመለከተም የልጅቷ ቃል እንዲመዘገብ እንጂ መታወቂያ ወይም የልደት ወረቀት እንዳይጠየቅ ይላል። አገልግሎቱንም በጠየቀች በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ማግኘት አለባት።

«ታዲያ ዋሽታ ብትመጣስ?» ይሉኛል። ልትዋሽ ትችላለች። ሕግ አውጪው ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም። አንዲት ውሸታም እንዳታልፍ ብሎ የተደፈሩትን ሁሉ ከበር መመለስ የባሰ ሆኖ አግኝቶታል። እኔም እስማማለሁ። ደግሞ ወሎ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜንና ደቡብ ወሎን ሲያዳርስ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ የተደፈሩ ሴቶች ነበሩ። ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በየቦታው ፖሊስ ጣቢያ ባዶ ቤት ነበር። ያኔ «ወረቀት አምጪ» ማለት ምን ማለት ነው?

መክሰስ የፈለገች ትክሰስ፤ ያ ሌላ መብቷ ነው። ስትከስም ሆነ ሳትከስ ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። የፖሊስ ወረቀት ፍለጋ ስትንከራተት የሚያልፋት አንዱ ነገር እሱ ነው።

«ሕጉን ከአሜሪካ ነው የቀዳነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች የድሮው ጥብቅ ሕግ አገር በቀል ይመስላቸዋል። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ግን ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። በዚያ ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው እናቲቱ ከባድ አደጋ ላይ ስትወድቅ ብቻ ነበር፤ እሱም በሐኪም በጽሑፍ ተረጋግጦ፣ ሁለተኛ ሐኪም ተስማምቶበት። በዚያን ዘመን ከወሎዎቹ ከደላንታ ወይም ከቦረና ገጠር የመጣች ሴት ሁለት ሐኪም ከየት ታገኛለች?

አሜሪካ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1973 ውርጃን ሕገ መንግሥታዊ መብት አደረገው፣ በ2022 መልሶ ነጠቀው፣ ጉዳዩን ለየግዛቱ ተወው። ያ ውሳኔ የወጣ ሰሞን «እኛም ጋ ተከለከለ» የሚል ወሬ የሰማ ሰው ካለ ይርሳው። የዋሽንግተን ፍርድ ቤት የእኛን አንቀጽ 551 አይሽርም።

የእኛ ሕግ የተቀየረበት ዋናው ምክንያት እዚሁ የነበረው ሞት ነው። በድብቅ በሚደረግ ውርጃ የሚሞቱትንና ማሕፀናቸው የሚወጣውን ሴቶች በየሆስፒታሉ ሲቀበሉ የኖሩት የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ለውጡን ከገፉት መካከል ናቸው። ከሕጉ በኋላ የሥነ ተዋልዶ ጤናን የሚያጠናው ጉትማቸር ኢንስቲትዩት ባጠናው መሠረት፣ በ2008 (በፈረንጆቹ) ከመቶ 27 ያህሉ ብቻ በጤና ተቋም ይደረግ የነበረው ጽንስ ማቋረጥ፣ በ2014 ከመቶ 53 ደርሷል። ጠቅላላ ቁጥሩም መጨመሩን አልደብቅም። የሕጉ ተቃዋሚዎች ይህን ሲያነሱ ልክ ናቸው። ግን በ2014 እንኳ ግማሽ ያህሉ ከተቋም ውጭ ነበር፤ ሕጉ ከወጣ ወደ 10 ዓመት ሊሞላው ምን ቀርቶ።

«አገሩ የሃይማኖት አገር ነው፤ ሕጉም ሃይማኖትን መከተል አለበት»

የማንን ሃይማኖት?

ወሎ ላይ ቆሞ ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ከደሴ አለፍ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ያልተቀበሉት ሸፈቱ፤ ሸኽ ጦልሃን ተከትለው የተዋጉ አሉ፤ የተሰደደውም ብዙ ነው። መንግሥት አንድ ሃይማኖት መርጦ በሕግ ሲያስፈጽም ምን እንደሚመስል ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ቢሆን በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ያ ያበቃው ከ1966ቱ አብዮት ጋር ነው።

አሁን ያለው የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፤ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም። ይህ አንቀጽ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ከመንግሥት እጅ ይጠብቃል። ውርጃ ላይ ሲመጣ ብቻ «እንርሳው» ማለት አይቻልም።

ሃይማኖት ዝም ይበል ማለት ግን አይደለም። አባቶች በዓውደ ምሕረት፣ ሸኾች በመስጊድ ያስተምራሉ፤ መብታቸው ነው። ሕግ ያወጡት የምክር ቤት አባላትም ጾመኛና ሰጋጅ ናቸው። በእኔ ግምት አንቀጽ 551 ሰፋ ሳይል፣ «በጠየቀች ጊዜ» ሳይል የቀረው ከሌላው ሁሉ በፊት ለዚህ ነው። ተጽዕኖው አለ። ያለው ግን ሕጉ ሲጻፍ ነው። ሕጉ ከተጻፈ በኋላ አንዲት ነርስ ወይም አንድ ዘበኛ በራሱ እምነት አንቀጽ ሊጨምርበት አይችልም።

«ሙስሊም ከሆነች ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይቀጣታል»

አይቀጣትም። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት) እና የመሳሰሉት ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ሁለቱም ወገን ካልፈቀዱ ጉዳዩን አያይም። ቃዲ የወንጀል ክስ አይሰማም።

«ሁሉም ሃይማኖት የሚለው አንድ ነው»

መቃወሙ ላይ ይገናኛሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ይለያያሉ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጽንስን ማቋረጥ ነፍስ ማጥፋት ነው ብላ ታስተምራለች። የፈጸመችው ግን ንስሐ ትገባለች፣ ቀኖና ይሰጣታል፤ በሩ አይዘጋባትም። የካቶሊክ ትምህርትም ከፅንሰት ጀምሮ ይከለክላል።

በእስልምና ሩሕ (ነፍስ) ጽንሱ ውስጥ የሚነፋው በ120 ቀን ነው የሚለው በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ የእናትን ሕይወት ለማዳን ካልሆነ ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ግን መዝሀቦቹ (የእስልምና ሕግ አተረጓጎም መንገዶች) አንድ አይደሉም። ከሐነፊ ሊቃውንት በቂ ምክንያት ካለ የሚፈቅዱ አሉ፤ ከሻፊዒዎች 40 ቀንን ድንበር ያደረጉ አሉ፤ ማሊኪዎች ጠበቅ ያደርጉታል። ወሎ ደግሞ ሐነፊም ሻፊዒም ሲቀራበት የኖረ የዒልም አገር ነው። ስለዚህ «እስልምና እንዲህ ይላል» ብሎ ቡና ላይ ፈትዋ የሚሰጥ ሰው ሲያጋጥማችሁ «ያ ሸኽ፣ በየትኛው መዝሀብ?» ማለት ነውር አይደለም።

ሃይማኖትና ሕግ ተጣብቀው እንደማይሄዱም ከሌላ አገር ማየት ይቻላል። ሕዝቧ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ሙስሊም የሆነችው ቱኒዚያ በፈረንጆቹ 1973 የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ፈቅዳለች። ካቶሊኳ አየርላንድ እንዲሁ በፈረንጆቹ 2018 ሕዝቧን ጠይቃ ክልከላውን አንስታለች።

«ፖስትፒል ውርጃ ነው»

አይደለም። ከፋርማሲ የምትገዛው ፖስትፒል በዋናነት እንቁላል እንዳይወጣ በማዘግየት እርግዝናን ይከላከላል። ጽንስ ካለ አያወጣውም፣ አይጎዳውምም። በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ። ይህን ሳያውቁ «ኃጢአት ነው» ብለው ከሱ የሸሹ ልጆች ከ2 ወር በኋላ የሚገቡበት ጭንቀት ከዚህ የከፋ ነው።

«ባል ካልፈረመ አይሆንም»

ያገባች ብትሆንም ፈቃዱ የእሷ ነው። ሌላ የምጨምረው የለም።

«አንዴ ያስወረደች ሁለተኛ አትወልድም»

በሠለጠነ ባለሙያ፣ በንጹሕ ቦታ የተደረገ አያመክንም። የሚያመክነው በድብቅ፣ በማይሆን ነገር ተሞክሮ የሚመጣው ኢንፌክሽን ነው። ወሬው የተነሳውም እንዲህ የሆኑትን ሴቶች በማየት ይመስለኛል።

«በድብቅ አስወርዳ ደም ቢፈሳት እንኳ ሐኪም ቤት ከሄደች ትታሰራለች»

ሰው የሚገድለው ይሄ ነው። ጽንሱ እንዴት ወረደ፣ በራሱ ወረደ ወይስ አስወረደችው፣ ለሕክምናው ልዩነት የለውም። ከውርጃ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና ለማንኛዋም ሴት በማንኛውም ሰዓት ይሰጣል፤ ባለሙያው የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የወሰደችውን ክኒን ወይም የጠጣችውን ነገር ለሐኪሙ በግልጽ ብትናገር የሚጠቅመው ለሕክምናዋ ነው።

ደሙ በሰዓት 2 ሞዴስ እያራሰ 2 ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳት ካላት፣ ሆዷን አጥብቆ ከቆረጣት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከፈሰሳት፣ ወይም ስትነሳ ራሷን ካዞራት፣ ቤት ውስጥ አጥሚት እየሰጡ ማስተኛት የለም። ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ተጠርቶ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትሂድ።