ጎን ለጎን እየሠሩ አለመተዋወቅ፦ ስለ በጎ አድራጎት ትብብር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነሐሴ 2013 ላይ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴ ሲገቡ ትምህርት ቤቶቹ ወዲያው ሞሉ። ያኔ ከተማው እጁን አልሰበሰበም። ቤቱ ያለውን እንጀራ ጠቅልሎ የወጣ አለ። ከሱቁ ብርድ ልብስ ያወረደ ነጋዴ አለ። ብር ያሰባሰቡ ማኅበራት፣ ከውጭ የላኩ ዘመዶች ነበሩ። አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይቆጨኛል። አስፋልት ዳር ላለው መጠለያ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ምሳ ሲመጣለት፣ ገባ ብሎ ያለው ምንም ሳይደርሰው የዋለበት ቀን ነበር። የክፋት ነገር አይደለም። ምሳ ያመጡት ሦስቱ ማኅበራት አይተዋወቁም ነበር፤ በቃ።

ከዚያ ወዲህ በደሴም በኮምቦልቻም ያሉ ማኅበራትና ፋውንዴሽኖች ተቀራርበው ይሥሩ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ተመሳሳይ መልስ እሰማለሁ። የሚሉት ሰዎች ቅን ናቸው። የሚሉት ነገር ግን ልክ አይደለም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ከተባበርን ስማችን ይጠፋል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይሄንን ነው። ሰው መተባበርን ከመዋሃድ ጋር ያምታታዋል። አንድ ማኅበር ለዓመታት የለፋበትን ስም ማጣት መፍራቱ ይገባኛል።

እውነታው ሌላ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች ኅብረት መመሥረት ይችላሉ። ኅብረት ሲመሠረት አባላቱ አይፈርሱም። የየራሳቸውን ስም፣ ቦርድና የባንክ ሒሳብ ይዘው ይቀጥላሉ። ደግሞ አብሮ ለመሥራት የግድ ኅብረት ማቋቋም አያስፈልግም። ሁለት ማኅበራት በአንድ ገጽ ስምምነት ሦስት ወር አብረው ሠርተው፣ ተመሰጋግነው ሊለያዩ ይችላሉ።

ለወሎ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። በ1965 እና በ1966 ወሎን በመታው ረሃብ ጊዜ 13 ቤተ እምነቶችና እምነት ተኮር ድርጅቶች ርዳታቸውን ለማቀናጀት ተሰባሰቡ። ዛሬ ሲሲአርዲኤ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ትልቅ ኅብረት የተጀመረው እንዲያ ነው። አሁን ከ300 በላይ አባላት አሉት። አባላቱ ዛሬም በየስማቸው ነው የሚሠሩት። ያ ኅብረት የተወለደው በእኛው መከራ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ገንዘብ ይደባለቃል፣ ከዚያ ጠብ ይመጣል»

ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሣም። በገንዘብ የተለያዩ ወዳጆችን ያላየ ሰው የለም። ስህተቱ ትብብር የሚጀምረው በገንዘብ ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምንጋራው መረጃ ነው። ማን፣ የት፣ ምን፣ መቼ። እነዚህን አራት ጥያቄዎች አንድ ወረቀት ላይ መልሱና ለሌላው ማኅበር ስጡ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ማዕድ የሚያጋራው ቡድን ሆጤ ሰፈር ላይ ማን እንዳለ ካወቀ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ዘይትና ዱቄት ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ለዚህ አምስት ሳንቲም አይወጣም።

ቀጥሎ ዕቃ ይመጣል። መጋዘን፣ መኪና፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከሐረጎ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ፣ 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ አየሩ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ትርፍ ብርድ ልብስ ደሴ ላይ በኅዳር ሌሊት ለአንዲት አራስ ትልቅ ነገር ነው። ግን መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ ደሴ ያለው ማኅበር ካላወቀ ማን ያመጣላታል?

ገንዘብ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ሲመጣም ለጋራው ሥራ ብቻ የሚሆን የተለየ ሒሳብ ይኑረው። ፈራሚዎቹ ከተለያዩ ማኅበራት የተወከሉ ይሁኑ፤ ያለ ጥምር ፊርማ ብር አይውጣ። ለጋሽ «ይሄ ለደብተር ነው» ብሎ የሰጠው በደብተር ስም ይመዝገብ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍፍሉ ብሩ ከመምጣቱ በፊት ይወሰን። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚሠራ የአደጋ ጊዜ ኮሚቴ አለ። 15 ትልልቅ ድርጅቶችን ይዟል። ከባድ አደጋ ሲደርስ ሁሉም በየፊናቸው ሕዝቡን ከመለመን ይልቅ አንድ ጥሪ ያደርጋሉ። የተገኘውን እንደየአቅማቸው በታወቀ ቀመር ይካፈሉታል። ቀመሩን ሁሉም አስቀድሞ ስለሚያውቀው ብሩ ሲመጣ አዲስ ክርክር አይነሣም።

«ሃይማኖታችን ስለሚለያይ አይሆንም»

ወሎ ላይ ይሄ ሲባል ልቤ ያዝናል። በእኛ አገር ቅሬ የሚባለው ዕድር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይዞ ነው የኖረው። ድንኳን አብሮ ይተከላል፤ ለቅሶ አብሮ ይደረሳል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ይሄኛው እውነተኛ ነው። ዘካ እንደማንኛውም መዋጮ አይደለም። ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች በቁርኣን ተለይተው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ለባነር ማሠሪያ ወይም ለአዳራሽ ኪራይ ከዘካ አይነካም። ሰደቃ ሰፋ ያለ ነው። አሥራትም የራሱ ሥርዓት አለው። መፍትሔው ለየብቻ መመዝገብና የሰጪውን አደራ መጠበቅ ነው። አደራው ከተጠበቀ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አንድ ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ አይቸገሩም።

«እኛ ትንሽ ነን፣ ትብብር የትልልቅ ድርጅቶች ነው»

ትልቁ ድርጅት ብር አለው። የትኛው ቤት አባወራው ሥራ እንዳቆመ፣ የትኛዋ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረች የሚያውቀው ግን ቅሬው ነው። ይሄ ዕውቀት በገንዘብ አይገዛም። አዋጁ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ ቅሬን ወደ ድርጅትነት መቀየር አያስፈልግም። ገንዘቡን የተመዘገበው ማኅበር ይያዝ፣ ሪፖርቱንም እሱ ያቅርብ። ቅሬው ዕውቀቱንና ተአማኒነቱን ያምጣ። ምዝገባ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ በአንድ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ጉዳያችሁ በክልሉ በኩል ነው። በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የምትሠሩ ከሆነ ወደ ፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ትሄዳላችሁ።

«የመግባቢያ ሰነድ ፈርመናል»

ጥሩ። ከዚያስ? ከፊርማውና ከፎቶው ማግሥት ማን ለማን እንደሚደውል ካልታወቀ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ሰነድ ረጅም መሆን የለበትም። የማን ሥራ ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ከእያንዳንዱ ማኅበር አንድ ተጠሪ በስም ይጠቀስ። በየስንት ጊዜው እንደምትገናኙ፣ ባነሩ ላይ የማን አርማ እንደሚወጣ፣ ለጋዜጠኛ ማን እንደሚናገር ይወሰን። የአርማ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ወዳጅነት ያሻከረው እሱ ነው። ጠብ ቢነሣ ማን እንደሚዳኝም ከወዲሁ ተነጋገሩ። አባጋር የሚባሉትን የወሎ አስታራቂዎች የሚያውቅ አገር ሽማግሌ አያጣም።

በነገራችን ላይ፣ የቴሌግራም ግሩፕ መክፈትም መተባበር አይደለም። መልካም በዓል የሚባልበት ግሩፕ ሁላችንም አለን።

«ለማስተባበር የሚወጣ ብር ከተረጂ አፍ የተነጠቀ ነው»

እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ሕጉ ራሱ የአስተዳደር ወጪን ፈቅዶ ገደብ አበጅቶለታል። በድሮው አዋጅ 621/2001 ጣሪያው 30 በመቶ ነበር፤ አሁን ለሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ከአባላቱ ውጭ ላለ ሰው፣ ጥቅም በተቋቋሙ ድርጅቶች ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል። ጣሪያው አለ ማለት እዚያ ድረስ እንውጣ ማለት አይደለም። ግን ስልክ የሚደውል፣ ዝርዝር የሚያመሳክር፣ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በራሱ ካርድና በራሱ የታክሲ ሒሳብ ስንት ወር ይቆያል? ሲደክመው ይተወዋል። እሱ ሲተወው ትብብሩም አብሮ ይቆማል። ሦስት ማኅበራት ተካፍለው የአንድ ሰው የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ ቢሸፍኑ፣ ለአንድ ቤት ሁለቴ የሚሄደው ዘይት ብቻ ቢቀር ወጪውን ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ።

«እንዳንደጋገም የተረጂዎችን ዝርዝር ሁላችንም እንያዘው»

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አካሄዱ ግን አደገኛ ነው። የአንዲት እናት ስም፣ ፎቶ፣ የጤንነቷ ሁኔታና ስልኳ በአሥር ሰው ስልክ ውስጥ ከገባ ክብሯ የለም። መደጋገምን ለማስቀረት ያን ሁሉ ማወቅ አያስፈልግም። ስም፣ ቀበሌ፣ የተሰጠው ነገርና ቀኑ ይበቃል። ያንንም ከየማኅበሩ አንድ ሰው ብቻ ይያዘው። ሴትዮዋም መረጃዋ ለእነማን እንደሚሰጥ ይነገራትና ትፍቀድ። ሕመምን የሚመለከት ነገር ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ማኅበር ውጭ አይውጣ።

«ከፋብሪካ የሚጠበቀው ብር ነው»

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ነች። ማኅበራት የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ወደ ፋብሪካ በር ይሄዳሉ፣ የሚጠይቁትም ብር ብቻ ነው። ለቅዳሜ ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና፣ ለአንድ ወር የመጋዘን ጥግ፣ በዓመት አንዴ መዝገባችሁን የሚያይ የሒሳብ ባለሙያ ጠይቁ። ብር ለመስጠት የሚከብደው ሥራ አስኪያጅ ለዚህ እሺ ሊል ይችላል።

«አንዴ ከጀመርን ማቆም መካካድ ነው»

የመጨረሻው ይሄ ነው፤ ብዙ ማኅበር ዝም ብሎ የሚጠፋፋውም በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። እናቁም ማለት ስለሚያሳፍር ስልክ አለማንሣት ይመጣል። ትብብር የሚያበቃበት ቀን ቢኖረው ነውር የለውም። ቀኑ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ሲደርስ የቀረው ገንዘብ ተቆጥሮ በተስማማችሁት መሠረት ይመለስ። ሪፖርቱ ለሰጡት ሰዎች ይድረስ። በየወሩ ዱቄት ሲደርሳቸው የነበሩ ቤቶችም ከመቋረጡ አንድ ወር ቀድሞ ይነገራቸው፤ ሌላ ማኅበር የሚቀበላቸው ካለ ተጠሪው አብሮ በራቸው ድረስ ሄዶ ያስተዋውቃቸው።