የኮሌስትሮል ምርመራ ትክክለኛነት እንዴት ይረጋገጣል?

የውጤት ወረቀቱ ላይ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ተብሎ ተጽፏል እንበል። ይህ ቁጥር ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ስላለ ብቻ አይታመንም፤ ይፈተሻል።

አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች በኢንዛይም ነው የሚሠሩት። ሪኤጀንቱ (ኢንዛይሞቹን የያዘው ፈሳሽ) ከሴረሙ (ከደም ሴሎች ከተለየው የደም ፈሳሽ ክፍል) ጋር ሲቀላቀል ከኮሌስትሮሉ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ሮዝ ቀለም ይሰጣል። ማሽኑ የሚያነበው ቀለሙን ነው። ደሙ ውስጥ ቫይታሚን ሲ ከበዛ ፐርኦክሳይዱን ይሻማዋል። ያኔ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ውጤቱም ከእውነቱ ያንሳል።

የታካሚ ናሙና ከመግባቱ በፊት ኮንትሮል ይሠራል። ኮንትሮል የሚጠበቅበት መጠን አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ነው። ውጤቱ ሌቪ-ጄኒንግስ በሚባለው ቻርት ላይ በነጥብ ይመዘገባል። አንድ ነጥብ ከአማካዩ ከ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የውጤቶች የተለመደ መዋዠቅ መለኪያ) በላይ ከራቀ ኮንትሮሉ ወድቋል፤ ሥራው ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል። ሁለት ተከታታይ ነጥቦች በአንድ በኩል ከ2 ካለፉም እንደዚያው።

ኮንትሮል ማለፉ ግን በቂ አይደለም። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እውነተኛው መጠን 200 ሆኖ ማሽኑ ዛሬ 212፣ ነገ 211፣ ከነገ ወዲያ 212 ሊል ይችላል። ቁጥሩ አይዋዥቅም፤ ግን ስህተት ነው። የኮንትሮሉ አማካይ የተሰላው በዚያው ማሽን ከሆነ ቻርቱ ይህን በፍጹም አያሳይም።

መፍትሔው ከማሽኑ ውጭ ካለ መለኪያ ጋር ማወዳደር ነው። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለዚህ የተጠቀመበት አቤል-ኬንዳል የተባለ የኬሚካል ዘዴ አለ። አድካሚ ነው፤ ለዕለት ሥራ አይሆንም። ጥቅሙ ለማመሳከሪያ ነው። ንጽጽሩ ከሰው በተቀዳ ትኩስ ሴረም ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በፋብሪካ የተዘጋጀ ኮንትሮል አንዳንድ ማሽን ላይ እንደ ሰው ደም አይሆንም። እዚያው አሜሪካ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የወጣው መስፈርት ከእውነተኛው ዋጋ መራቁም ሆነ መዋዠቁ እያንዳንዳቸው ከ3 በመቶ እንዳይበልጡ፣ ጠቅላላ ስህተቱም ከ8.9 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። 200 ላይ ሲሰላ ከ182 እስከ 218 ገደማ ይመጣል። ሰፊ ነው!

ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) በስሌት ሲገኝ ደግሞ የሦስት ምርመራዎች ስህተት ይደራረባል፦ የጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ የኤችዲኤል (ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል) እና የትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት)። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ለዚህ ስሌት የተለመደውን የፍሪደዋልድ ቀመር መጠቀም አይቻልም።

ከማሽኑ በፊት የሚበላሽም አለ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ብዙ ከቆየ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ተኝቶ የተቀዳ ደም ደግሞ ቆሞ ከተቀዳው ዝቅ ይላል። ኮንትሮል ከጠርሙስ እንጂ ከክንድ ስለማይቀዳ ይህን አይዝም። ደም ከመቅዳት በፊት ታካሚውን ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ላስቲኩንም ቶሎ መፍታት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።