የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የሚጥል በሽታ ጥናቶች

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የነርቭ ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ጓያ ስለሚያመጣው ሽባነትና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ስለሚያደርሰው ጉዳትም ጽፈዋል፤ እዚህ የምናየው ግን በሚጥል በሽታ ላይ የሠሩትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሳቸው በፊት በ1968 ጊል የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በበሽታው ምክንያት ስለተገለሉ ሰዎች ጽፎ ነበር።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ቡታጅራ አካባቢ፣ መስቃንና ማረቆ ውስጥ ነው። 1980ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ሰዎች መጠይቅ ይዘው ከቤት ቤት ዞሩ። የጠየቁት ስለ 60,820 ሰው ነው። ይህን ሁሉ ቤት በእግር ማዳረስ ምን ማለት እንደሆነ የገጠሩን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ የተጠረጠሩትን ሐኪሞች መረመሯቸው። 316 ሰዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተረጋገጠ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። በዚያ ዳሰሳ ከተገኙት የነርቭ ችግሮች ሁሉ አንደኛው ይሄ ነበር። ፖሊዮ ጥሎት የሚሄደው ሽባነት እንኳ 2.4 ላይ ነው የቆመው። ቤተሰብ የታመመ ልጁን ስለሚደብቅ እውነተኛው ቁጥር ከ5.2 ከፍ ሊል ይችላል። ዝቅ ይላል ብሎ የሚከራከር ግን አይኖርም።

ውጤቱ በ1990 ታተመ። ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ላርስ ፎሽግሬንና ሌሎችም አብረዋቸው ጽፈዋል። እኔን የሚይዘኝ ከሠንጠረዦቹ መሀል ያለው አንድ ቁጥር ነው፦ ከሕሙማኑ መድኃኒት የሚወስዱት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ፀበል፣ ክታብና የባህል መድኃኒት ላይ ነበሩ። 8.5 በመቶዎቹ ደግሞ የቃጠሎ ጉዳት ነበረባቸው። ይሄን ለመረዳት ጎጆ ቤት መሀል ያለውን ምድጃ ማሰብ ይበቃል። ሰውየው አጠገቡ እያለ ይጥለዋል፣ እሳቱ ላይ ይወድቃል፣ አረፋ ስለሚደፍቅ ደግሞ ይጋባል ብሎ የሚፈራ ሰው ቶሎ አይነካውም። ክብሪት ጭሮ ከሩቅ ያሸተዋል እንጂ። የ1991ዱ ጽሑፍ የመጣው ለዚህ ነው፤ የገጠሩን ሰው ስለ በሽታው ምን ታስባለህ ብሎ በዝርዝር ጠየቀ።

በ1997 ኤፒሌፕሲያ በተባለው ዓለም አቀፍ ጆርናል ላይ የወጣው ሥራ ሌላ ጥያቄ ይዞ ነበር፦ በየዓመቱ ስንት ሰው አዲስ ይታመማል? ከ100,000 ሰው 64። በአፍሪካ ገጠር ሕዝብን ለዓመታት ተከታትሎ ይህን የቆጠረ ጥናት እጅግ ጥቂት ነው፤ ክብደቱም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ እነዚህ ጥናቶች በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ እንይ። ስለ ኢትዮጵያ የሚጥል በሽታ የሚጽፍ ሰው መግቢያው ላይ 5.2ንና 64ን ሳያነሳ አያልፍም ማለት ይቻላል። የአንድ ተመራማሪ ሥራ ምን ያህል እንደተጠቀሰ የሚያሳየው የተለመደው መለኪያ፣ ሂርሽ በ2005 ያወጣው ኤች ኢንዴክስ፣ እንዲህ ላለው ሥራ አይመችም። 20 ነጥብ ለማግኘት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያስፈልጋሉ። አንድ ጽሑፍ ብቻውን ለ30 ዓመት የአንድ አገር መነሻ ቁጥር ሆኖ ቢቆይ ለነጥቡ የሚጨምረው ያው አንድ ነው። የስም ጣጣም አለ። የፈረንጅ መዝገቦች የቤተሰብ ስም ስለሚፈልጉ የአባታቸውን ስም ያስገባሉ፤ እሱንም አንዴ ተክለሃይማኖት፣ አንዴ ሃይማኖት ብቻ እያሉ። ስለዚህ በአንዱ ስም ብቻ ፈልጎ የቆጠረ ሰው ሥራቸውን አጉድሎ ነው የሚያገኘው። ይህ የብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ችግር ነው።

ከሳቸው በኋላ ጎንደርና ጅማ ላይ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ ሕሙማንን ሲከታተሉ ምን እንደሚገኝ ተጠንቷል። በ2006 ደግሞ በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻ በሚኖሩት የዛይ ሰዎች ዘንድ ከ1,000 ሰው 29.5 ተገኘ። ከቡታጅራው በአምስት እጥፍ ይበልጣል። ማኅበረሰቡ ትንሽ ነው፣ እርስ በርስም ይጋባል፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር ለአገሩ ሁሉ መውሰድ ስህተት ነው። 5.2 አሁንም ቦታውን አልለቀቀም።